አናይሮብ የሚለዩ መራጭ ፕሌቶች፦ የአምስት ሚዲያዎች ግምገማ

ከሆድ ዕቃ የተቀዳ መግል ላቦራቶሪ ሲደርስ አናይሮቦቹ (ኦክስጅን በሌለበት የሚያድጉ ባክቴሪያዎች) ብቻቸውን አይመጡም። ኢ. ኮላይ፣ ፕሮቲየስና ኢንትሮኮከስ አብረዋቸው አሉ። እነዚህ በአንድ ሌሊት ፕሌቱን (ባክቴሪያ የሚያድግበትን አጋር የያዘውን ሳህን) ሲሸፍኑት ከአናይሮቦቹ አንዱ የሆነው ፕሬቮቴላ ገና መኖሩም አይታወቅም። መራጭ ሚዲያ፣ ማለትም አንዳንዱን ባክቴሪያ አፍኖ ሌላውን የሚያሳድግ ማሳደጊያ፣ የሚገዛው ይህን ሽሚያ ለማስተካከል ነው። ችግሩ ግን ፈጣኖቹን የሚያፍነው አንቲባዮቲክ ወይም ሐሞት የምንፈልገውንም ባክቴሪያ በመጠኑ ይጎዳዋል። ስለዚህ አንድ ፕሌት ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው ከማለት በፊት ማንን እንደሚያስቀር፣ ሳይፈለግ ማንን እንደሚገድልና በስንተኛው ቀን እንደሚነበብ ማወቅ ያስፈልጋል።

የተገመገሙት አምስት ናቸው፦ ቢቢኢ (ባክቴሮይደስ ባይል ኤስኩሊን)፣ ኤልኬቪ (ካናማይሲንና ቫንኮማይሲን ያለበት ሌክድ ደም አጋር)፣ ፒኢኤ (ፊኒል ኢታይል አልኮል ደም አጋር)፣ ሲሲኤፍኤ (ሳይክሎሰሪን፣ ሴፎክሲቲንና ፍሩክቶስ አጋር) እና ቲኤስሲ (ትሪፕቶስ ሰልፋይት ሳይክሎሰሪን አጋር)።

ፍርዱን እናስቀድም። ከአምስቱ አንድ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው የክሊኒክ ላቦራቶሪ ቢቢኢን ይያዝ። ኤልኬቪ ትኩስ ሲሆን እጅግ ጠቃሚ ነው፣ ሲያረጅ ግን ለቦታው አይመጥንም። ፒኢኤ ከሚገባው በታች የሚታይ ፕሌት ነው። ሲሲኤፍኤ ተቅማጥ አምጪውን ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲልን ለሚያሳድግ ላቦራቶሪ የግድ ሲሆን ለሌላው አያስፈልግም። ቲኤስሲ የምግብና የውሃ መመርመሪያ እንጂ የቁስል ናሙና ፕሌት አይደለም። አምስቱም አንድ ላይ ቢሆኑ እንኳ የማይመርጠውን ፕሌት አይተኩም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ስለሚታለፍ ትንሽ እንቆይበት። እያንዳንዱ ናሙና በቅድሚያ በማይመርጥ የአናይሮብ ደም አጋር ላይ ይዘራ። የተለመደው ብሩሴላ አጋር ሲሆን 5 በመቶ የበግ ደም፣ በሊትር 5 ሚሊግራም ሄሚን እና ቫይታሚን ኬ1 ይጨመርበታል። ቢቢኢ ላይ ፕሬቮቴላ አይበቅልም፤ ኤልኬቪ ላይ ግራም ፖዘቲቮቹም (በግራም ስቴይን ሐምራዊ የሚሆኑት) ፖርፊሮሞናስም አይበቅሉም። በመራጭ ፕሌቶች ብቻ የተሠራ ናሙና «አናይሮብ አልተገኘም» ሲል ትክክለኛ ትርጉሙ «እነዚህ ፕሌቶች የሚፈቅዷቸው አልተገኙም» ነው። የማይመርጠው ፕሌት ላይ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ስትሪክ (ናሙናው የተሰመረበት ክፍል) መገናኛ ላይ 5 ማይክሮግራም የሜትሮኒዳዞል ዲስክ ይቀመጥ፤ በዲስኩ ዙሪያ የተከለከለ ቀለበት ካለ አናይሮብ እንዳለ ቀድሞ ይጠቁማል። ዲስኩን መራጭ ፕሌት ላይ ማድረግ ግን ትርጉም የለውም።

ቢቢኢ

በሊትር የሚገባው 40 ግራም ያህል ትሪፕቲኬዝ ሶይ አጋር፣ 20 ግራም ኦክስጎል (የደረቀ የበሬ ሐሞት)፣ 1 ግራም ኤስኩሊን፣ 0.5 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት፣ ሄሚን እና 100 ሚሊግራም ጄንታማይሲን ነው። ሐሞቱ አብዛኞቹን አናይሮቦች ያቆማል፣ የባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ቡድን ግን ይችለዋል፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ሐሞት ሲኖር እድገታቸው ይፈጥናል። ጄንታማይሲኑ ኢ. ኮላይንና ዘመዶቹን ይይዛል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ አሚኖግላይኮሳይዶች ወደ ሕዋስ የሚገቡት በመተንፈሻ ሰንሰለቱ ጉልበት ስለሆነ አናይሮቦች በተፈጥሯቸው ይቋቋሟቸዋል። በዚሁ ምክንያት ጃር (ኦክስጅን የወጣለት የፕሌት ማሳደጊያ ዕቃ) ውስጥ ሲገቡ በኢ. ኮላይ ላይ ያላቸው ኃይልም ይቀንሳል፤ የጄንታማይሲኑ መጠን ከፍ ማለቱ ይህን ያካክሳል። ፕሌቱን ራሱ የሚያዘጋጅ ላቦራቶሪ «100 በዛ» ብሎ ዝቅ ካደረገው የመጀመሪያው ምልክት የኢ. ኮላይ ዘመድ የሆነው ክሌብሲየላ የሞላበት ፕሌት ነው።

አነባበቡ ግልጽ ነው። በ48 ሰዓት ከ1 ሚሊሜትር የሚበልጡ ግራጫ ኮሎኒዎች ይወጣሉ፤ በዙሪያቸው ያለው አጋር ወደ ጥቁር ቡናማ ይለወጣል። ኤስኩሊን ሲሰበር የሚፈጠረው ኤስኩሌቲን ከብረቱ ጋር ተያይዞ የሚሰጠው ቀለም ነው። የኮሎኒው መጠን ከቀለሙ ያላነሰ ዋጋ አለው፦ አጋሩን ያጠቆረ ነገር ግን ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ኮሎኒ ብዙውን ጊዜ ኢንትሮኮከስ ነው። አንድ ግራም ስቴይን ጥርጣሬውን ያጠራል። በተቃራኒው ደግሞ አጋሩን የማያጠቁር ትልቅ ኮሎኒ መጣል የለበትም፤ ቀድሞ ባክቴሮይደስ ቩልጋተስ ይባል የነበረው ፎኬይኮላ ቩልጋተስ አንዳንዱ ዝርያው ኤስኩሊንን አይሰብርም። ፉሶባክቴሪየም ሞርቲፈረም እና ፉሶባክቴሪየም ቫሪየምም ሐሞትን ስለሚችሉ እዚህ ሊገኙ ይችላሉ። ጄንታማይሲን የማይነካቸው እርሾዎችም እንዲሁ።

ቢቢኢን የሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎች አብዛኞቹ በ48 ሰዓት አንብበው ይጥሉታል። ናሙናው ከተበሳ ትርፍ አንጀት የመጣ ከሆነ ግን ይህ ጥድፊያ ቢሎፊላ ዋድስወርዚያን ያሳጣል። ይህ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተገለጸው ከእንዲህ ዓይነት ናሙናዎች ተለይቶ ነው። ሐሞት ይወዳል፣ ሆኖም ኮሎኒው ለመታየት ከ3 እስከ 7 ቀን ይወስዳል። መልኩ ከባክቴሮይደስ የተለየ ነው፦ ብርሃን አሳላፊ ጠርዝ፣ ጥቁር መሐል። ጥቁረቱ የሚመጣው ከሃይድሮጅን ሰልፋይድና ከብረቱ ውሕደት ነው። ስለዚህ ጃር ውስጥ ቦታ ካለ ፕሌቱ እስከ ሳምንት ይቆይ።

ቢቢኢን ከሌሎቹ በላይ ያስቀመጥነው ስህተትን ስለሚችል ነው። ደም የለበትም፣ ቀለሙን ማንም ያየዋል፣ ኮሎኒው የባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ቡድን መሆኑን በአንድ ቀን ቀድሞ ለሐኪሙ መጠቆም ያስችላል። ሄሚን ስላለበት የካታሌዝ ምርመራም ከእሱ መሥራት ይቻላል፤ ፕሌቱ ለግማሽ ሰዓት አየር ላይ ቆይቶ 15 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጠቀማሉ።

ኤልኬቪ

በሊትር 75 ሚሊግራም ካናማይሲን፣ 7.5 ሚሊግራም ቫንኮማይሲን፣ 5 በመቶ ሌክድ ደም፣ ሄሚን እና 10 ሚሊግራም ቫይታሚን ኬ1። ካናማይሲኑ ግራም ኔጋቲቭ ፋኩልታቲቮችን (ኦክስጅን ቢኖርም ባይኖርም የሚያድጉትን)፣ ቫንኮማይሲኑ ግራም ፖዘቲቮችን ያፍናል። የሚቀሩት ፕሬቮቴላና ባክቴሮይደስ ናቸው። ደሙ ቀይ ሕዋሶቹ እንዲፈርሱ በረዶ ሆኖ አድሮ ይቀልጣል፤ ሄሞግሎቢኑ በቀላሉ ስለሚገኝ ቀለም ሠሪ ፕሬቮቴላዎች ከተራ ደም አጋር ይልቅ እዚህ ቶሎ ይጠቁራሉ። ከመጥቆራቸውም በፊት በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ሥር እንደ ጡብ ቀይ ያበራሉ። መብራቱን ማየት የሚገባው ቀለሙ ከመጠንከሩ በፊት ነው፣ ጥቁረቱ ሲበረታ ብርሃኑን ይሸፍነዋል።

ድካሙ ሁለት ነው። አንደኛው ቫንኮማይሲኑ ፖርፊሮሞናስን መግደሉ ነው። ፖርፊሮሞናስ በግራም ስቴይን ኔጋቲቭ ቢሆንም ለቫንኮማይሲን ስስ ነው። የአፍና የድድ ናሙና በብዛት የሚሠራ ላቦራቶሪ ቫንኮማይሲኑን ወደ 2 ሚሊግራም ዝቅ አድርጎ ያዘጋጀው፤ ዝግጁ ፕሌት የሚገዛ ከሆነ ይህ ስሪት እንዳለ አቅራቢውን ይጠይቅ። ፉሶባክቴሪየም ኑክሊያተምን ደግሞ በዚህ ፕሌት ላይ መጠበቅ አይገባም፣ ካናማይሲን አይችልም። ሁለተኛው ድካም እድሜ ነው። አንቲባዮቲኮቹ እየደከሙ፣ ደሙ እየደረቀ፣ ቫይታሚን ኬ1 በብርሃን እየፈረሰ ሲሄድ ፕሌቱ በሁለት በኩል ይከዳል፦ ኢንትሮኮከስ ይበቅልበታል፣ ፕሬቮቴላ ሳይጠቁር ይቀራል። ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ለዚህ ፕሌት ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

ካናማይሲንን የሚቋቋሙ ሱዶሞናስና እርሾዎች ትኩስ ፕሌት ላይም ይታያሉ። ይህ የሎት (የአንድ ዙር ምርት) ጉድለት ስላልሆነ ቅሬታ አይነሳበትም። እዚህም ሆነ በሌሎቹ ፕሌቶች ላይ የበቀለ ኮሎኒ አናይሮብ ነው የሚባለው የኦክስጅን መቻል ምርመራ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው፦ አንዱ ሰብካልቸር (ከኮሎኒው ዳግም የተዘራ) 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ በቾኮሌት አጋር ላይ፣ ሌላው በጃር ውስጥ በደም አጋር ላይ። ለአየሩ ምርመራ ተራ ደም አጋር መጠቀም ስህተት ያመጣል፤ ሄሞፊለስ በጃሩ በቅሎ በተራው ደም አጋር ላይ ስለማይበቅል አናይሮብ ይመስላል።

ቢቢኢና ኤልኬቪ በአንድ ፕሌት ሁለት ክፍል ሆነው ይሸጣሉ። የጃር ቦታ ለሚያንሳቸው ጥሩ ግዢ ነው። ሲዘራ ግን ከኤልኬቪ ተጀምሮ ወደ ቢቢኢ ይኬድ፣ በመሐልም ሉፕ (የመዝሪያ ሽቦ) ይቀየር። የግማሽ ፕሌት ስፋት ነጠላ ኮሎኒ ለማግኘት ጠባብ ስለሆነ የመጀመሪያው ጠብታ ትንሽ ይሁን፤ ወፍራም ኢኖኩለም (ብዙ ባክቴሪያ ያለበት ዘር) ማንኛውንም መራጭ ፕሌት ያሸንፈዋል።

ፒኢኤ

2.5 ግራም ፊኒል ኢታይል አልኮል በሊትር፣ ከደም አጋር ጋር። ሌላ ምንም አንቲባዮቲክ የለበትም። ግራም ኔጋቲቭ ፋኩልታቲቮችን ያፍናል፣ የፕሮቲየስን በፕሌቱ ላይ መንሰራፋት ያቆማል፣ የክሎስትሪዲየም ሴፕቲከምን መስፋፋትም ይገታል። ፊኔጎልዲያንና ፓርቪሞናስን የመሰሉ ግራም ፖዘቲቭ ኮካይ፣ ክሎስትሪዲየሞች እና አብዛኞቹ ግራም ኔጋቲቭ አናይሮቦች ግን ይበቅሉበታል። ፕሮቲየስ ባለበት ቁስል የማይመርጠው ፕሌት በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ ሲሆን ግራም ፖዘቲቮቹን የሚያተርፍልን ይህ ብቻ ነው፤ ቢቢኢም ኤልኬቪም እነሱን አያሳድጉም።

አልኮሉ የሚተን ስለሆነ ፕላስቲኩ ተከፍቶ የከረመ ፓኬት ቀስ በቀስ ተራ ደም አጋር ይሆናል። ፊኒል ኢታይል አልኮል የጽጌረዳ ሽታ አለው፤ ክዳኑ ሲነሳ ምንም የማይሸት ፕሌት ያጠራጥራል። እድገቱ ዘገምተኛ ነው፣ በ48 ሰዓት ባዶ ቢመስል እስከ 72 ይቆይ። ሄሞሊሲስ (የቀይ ሕዋስ መፍረስ) ግን ከእሱ አይነበብም፣ አልኮሉ የቀይ ሕዋሱን ምላሽ ያዛባል። የክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ድርብ ቀለበት የሚታየው በማይመርጠው ደም አጋር ላይ ነው።

አንዳንዶች በፒኢኤ ፈንታ ሲኤንኤ፣ ማለትም ኮሊስቲንና ናሊዲክሲክ አሲድ ያለበት ደም አጋር ይገዛሉ። ሲኤንኤ ላይ ኮሎኒዎቹ ደለብ ይላሉ፣ ሄሞሊሲሱም ይነበባል። ነገር ግን ፕሮቲየስ ኮሊስቲንን በተፈጥሮው ስለሚቋቋም የሚይዘው ናሊዲክሲክ አሲዱ ብቻ ነው፤ ያንን የሚቋቋም ዝርያ ከመጣ ፕሌቱን ይወርሰዋል። ለፕሮቲየስ ሲባል የሚገዛ ከሆነ ፒኢኤ ይሻላል።

ሲሲኤፍኤ

ቀመሩ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም፦ ፔፕቶን፣ 6 ግራም ፍሩክቶስ፣ 30 ሚሊግራም ኒውትራል ሬድ፣ 500 ሚሊግራም ሳይክሎሰሪን፣ 16 ሚሊግራም ሴፎክሲቲን፣ የእንቁላል አስኳል። ሳይክሎሰሪኑ ግራም ኔጋቲቭ ባሲላይን፣ ሴፎክሲቲኑ አብዛኛውን የአንጀት ነዋሪ ያስቆማል። ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል በ48 ሰዓት ቢጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ የተበታተነ፣ ውስጡ የተፈጨ ብርጭቆ የሚመስል ኮሎኒ ይሰጣል፤ ፔፕቶኑን ሲጠቀም አካባቢውን ወደ አልካላይን ስለሚያዞር ቀይ ብርቱካናማው አጋር በዙሪያው ቢጫ ይሆናል። ሽታው የፈረስ ጋጣን ያስታውሳል፣ ምክንያቱ ፓራ ክሬሶል የሚባል ኬሚካል ነው። ሽታውን ለመለየት ተብሎ ግን አፍንጫን ወደ ፕሌት ማስጠጋት አይገባም፤ ጃሩ ሲከፈት ራሱ ይመጣል። አስኳሉ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም፣ አስኳሉን የሚሰብሩት ኢንዛይሞች፣ ሌሲቲኔዝም ሊፔዝም፣ የሉትም። በኮሎኒው ዙሪያ ደመና ካለ ሌላ ክሎስትሪዲየም ነው። በአልትራቫዮሌት የሚታየው አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ወደ ደም አጋር ከተዛወረ በኋላ ይነበብ፣ እዚህ ቀለሙ ራሱ ያሳስታል።

የዚህ ፕሌት ውጤት ከፕሌቱ ይልቅ በናሙናው ዝግጅት ይወሰናል። ሰገራው ከእኩል መጠን አብሶሉት ኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ በክፍል ሙቀት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ጠብታ ይዘራ። አልኮሉ ቬጀቴቲቭ (በማደግ ላይ ያሉ) ሕዋሶችን ሁሉ ገድሎ ስፖሮቹን (የተኙትን ጠንካራ ቅርጾች) ይተዋል። በምትኩ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ10 ደቂቃ ማሞቅም ይሠራል፤ ሆኖም የመታጠቢያው ሙቀት ትክክል መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ስፖር ለመብቀል መቀስቀሻ ይፈልጋልና በሊትር 1 ግራም ሶዲየም ታውሮኮሌት ያለበት ስሪት ከሌለበት የተሻለ ያወጣል። አልኮል የተጠቀመ ላቦራቶሪ የአንቲባዮቲኮቹን መጠን በግማሽ፣ ማለትም ወደ 250 እና 8 ሚሊግራም ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ስስ የሆኑ ዝርያዎች ይተርፋሉ፣ ተፎካካሪዎቹንም አልኮሉ ስለጨረሳቸው ፕሌቱ አይቆሽሽም። አልኮል ሳይጠቀሙ ግማሽ መጠን ማድረግ ግን ላክቶባሲለስንና ኢንትሮኮከስን መጋበዝ ነው።

ፕሌቱ ከመዘራቱ በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት አናይሮቢክ ጃር ውስጥ ይቆይ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ያገኘው ጥቂት ኮሎኒ ከሆነ ሚዲያውን አይውቀስ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ክሎስትሪዲየም ኢኖኩዩም በዚህ ፕሌት ላይ ተመሳሳይ መልክ ይዞ ስለሚወጣ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ቶክሲን የማይሠሩ የዲፊሲል ዝርያዎች ከቶክሲን ሠሪዎቹ በምንም አይለዩም። ባክቴሪያውን ማሳደግ ብቻውን በሽታው አለ ማለት አይደለም፤ ኮሎኒው ለቶክሲን ወይም ለቶክሲን ጂን ይመርመር።

ክሮሞጀኒክ ፕሌቶች፣ ለምሳሌ የባዮሜርዩ ክሮማይዲ ሲ. ዲፊሲል፣ በ24 ሰዓት ጥቁር ወይም ግራጫ ኮሎኒ በመስጠት አንድ ቀን ያተርፋሉ። ይህ ፍጥነት እውነተኛ ጥቅም ነው። ጥቁረቱ ግን ግሉኮሲዴዝ በሚባል ኢንዛይም ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ራይቦታይፕ 023ን የመሰሉ ዝርያዎች ነጭ ሆነው ይቀራሉ፤ ጥቁሩን ብቻ የሚለቅም አንባቢ ያልፋቸዋል።

ቲኤስሲ

ለክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ቆጠራ የተሠራ ነው። በሊትር 1 ግራም ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት፣ 1 ግራም ፌሪክ አሞኒየም ሲትሬት እና 400 ሚሊግራም ዲ ሳይክሎሰሪን አለበት። ባክቴሪያው ሰልፋይቱን ወደ ሰልፋይድ ሲቀይር ከብረቱ ጋር ጥቁር ኮሎኒ ይሆናል። ለምግብ 1 ሚሊሊትር ናሙና በፕሌት ውስጥ ተደርጎ ከ10 እስከ 15 ሚሊሊትር የሚሆን ከ44 እስከ 47 ዲግሪ የቀዘቀዘ አጋር ይፈስበታል፤ ሲረጋ በ10 ሚሊሊትር ይሸፈናል፣ በ37 ዲግሪ ለ20 ሰዓት ያህል ይቆያል። ለውሃ ናሙናው በሜምብሬን ተጣርቶ በ44 ዲግሪ ለ21 ሰዓት ገደማ ነው።

ሽፋኑን መዝለል የሚያስከትለው የደበዘዘ ኮሎኒ ነው፣ የላይኛው ገጽ ላይ ያሉት ግራጫ ሆነው ይቀራሉ። ከመጠን በላይ ማቆየት ደግሞ ፕሌቱን በሙሉ ያጠቁረዋል፤ ጎረቤት ኮሎኒዎች ተዋህደው መቁጠር አይቻልም። ከጃር ሲወጣ ወዲያው ይቆጠር፣ ብረት ሰልፋይዱ አየር ሲነካው ይደበዝዛል። በፈሰሰ አጋር ውስጥ ደመናው የኮሎኒዎቹን ልክ ስለሚያደበላልቅ የእንቁላል አስኳል የሌለበት ስሪት ይመረጥ። ክሎስትሪዲየም ስፖሮጀነስን የመሰሉ ሌሎች ሰልፋይት ቀያሪዎችም ይጠቁራሉና ጥቁር ሁሉ ፐርፍሪንጀንስ ተብሎ አይመዝገብ፤ በአሲድ ፎስፋቴዝ ወይም በላክቶስ ሰልፋይት ይረጋገጥ። ሳይክሎሰሪን ተበጥብጦ ሲቀመጥ ስለሚፈርስ በሚሠራበት ቀን ይዘጋጅ፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ይለፍ፣ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) አይግባ።

በምን መልክ ይገዛ?

ከሚዲያው ዓይነት በላይ ውጤቱን የሚለውጠው ይህ ነው። አጋር ብርሃንና አየር ሲያገኘው ፐርኦክሳይድና ሌሎች ኦክስጅን ወለድ መርዞች ይጠራቀሙበታል፤ ካታሌዝ የሌላቸው አናይሮቦች ይህን አይችሉም። በፋብሪካ ከአፈላሉ እስከ አስተሻሸጉ ኦክስጅን ሳይነካው የሚዘጋጀው፣ ፕራስ የሚባለው ዓይነት፣ ከፎይል እንደወጣ ይዘራበታል። የካሊፎርኒያው አናይሮብ ሲስተምስ በዚህ ዓይነት ይታወቃል። በተራ ማሸጊያ የሚመጣ ፕሌት ግን ከመዘራቱ በፊት ጃር ውስጥ ማደር አለበት። ማሳደሩ በአጋሩ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ያስወጣል፤ ቀድሞ የተበላሸውን ንጥረ ነገር ግን አይመልስም። ስለዚህ በወር ጥቂት የአናይሮብ ናሙና የሚሠራ ላቦራቶሪ አንድ ትልቅ ካርቶን ከሚገዛ አነስተኛ ሎት ደጋግሞ ቢያስመጣ ይሻለዋል።

ከዱቄት የሚያዘጋጅ ላቦራቶሪ የማይቀየሩ ጥቂት ቁጥሮች አሉት። ሄሚን 50 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር 1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሟሟ፣ ውሃ ተጨምሮ 100 ሚሊሊትር ይሁን፣ ኦቶክሌቭ ይግባ፤ 10 ሚሊሊትሩ ለአንድ ሊትር ሚዲያ 5 ሚሊግራም ይሰጣል። በቀጥታ በውሃ የተበጠበጠ ሄሚን አይሟሟም፣ ታች ይዘቅጣል። ቫይታሚን ኬ1 0.2 ሚሊሊትር በ20 ሚሊሊትር 95 በመቶ ኢታኖል ተደርጎ በጥቁር ጠርሙስ በፍሪጅ ይቀመጥ፤ 1 ሚሊሊትሩ 10 ሚሊግራም ያህል ነው። ደምና ቫንኮማይሲን የሚገቡት አጋሩ ወደ 50 ዲግሪ ሲወርድ ነው። አንቲባዮቲክ ሲመዘን የጠርሙሱ ላይ ያለው ፖቴንሲ (በዱቄቱ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን) ይታይ፦ በሚሊግራም 900 ማይክሮግራም የሚል ካናማይሲን ከሆነ 75 ሚሊግራም ለማግኘት 83.3 ሚሊግራም ይመዘናል። ይህን ስሌት መዝለል ራሳቸው ከሚያዘጋጁ ላቦራቶሪዎች ለሚመጡ ደካማ ፕሌቶች ትልቅ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የረጋ ሚዲያ ደጋግሞ አይቅለጥ። በአንድ 90 ሚሊሜትር ፕሌት 20 ሚሊሊትር ይፍሰስ፤ ቀጭን ፕሌት ለአምስት ቀን በጃር ቆይቶ ይሰነጠቃል።

ስለ ጃሩም አንድ ነገር። በፓላዲየም ካታሊስት የሚሠራ ከሆነ ካታሊስቱ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ በ160 ዲግሪ ለ2 ሰዓት ይድረቅ፤ እርጥበትና ከባክቴሪያው የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያደክሙታል። አናይሮጄንን የመሰሉ በአስኮርቢክ አሲድ የሚሠሩ ፓኬቶች ሃይድሮጅንም ካታሊስትም አይፈልጉም፣ ለአነስተኛ ላቦራቶሪ ይመረጣሉ። ፓኬቱ ለጃሩ መጠን የተሠራ ይሁን፤ ለ2.5 ሊትር የተሠራውን ለትልቅ ጃር መጠቀም አይቻልም። የሬሳዙሪን ጠቋሚው ሮዝነቱን ካልለቀቀ ውስጡ ያለው ውጤት ሁሉ ዋጋ የለውም። ጃሩ ከ48 ሰዓት በፊት አይከፈት፤ ጋዝ ጋንግሪን ከተጠረጠረ በ24 ሰዓት የሚነበበው ፕሌት ከመጀመሪያው በሌላ ጃር ይቀመጥ።

አዲስ ሎት ሲመጣ

የአቅራቢው የጥራት ወረቀት ፕሌቱ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ይናገራል፣ በመንገድ የደረሰበትን አይናገርም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሎት ጥቂት ፕሌት ይፈተን። ቢቢኢ ላይ ባክቴሮይደስ ፍራጂሊስ ኤቲሲሲ 25285 (ኤቲሲሲ የመደበኛ ባክቴሪያዎች ክምችት ሲሆን ቁጥሩ የዝርያው መለያ ነው) አጥቁሮ ይብቀል፣ ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 ይታፈን። ኤልኬቪ ላይ ፕሬቮቴላ ሜላኒኖጀኒካ ኤቲሲሲ 25845 ቀለም ያውጣ። ፒኢኤ ላይ ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ ኤቲሲሲ 12453 ይገታ፣ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ኤቲሲሲ 13124 ይብቀል። ሲሲኤፍኤ ላይ ክሎስትሪዲዮይደስ ዲፊሲል ኤቲሲሲ 9689 ቢጫውን ያሳይ።

ፈተናው ሐቀኛ የሚሆነው መብቀል ያለበት ባክቴሪያ በቀጭን ኢኖኩለም፣ መታፈን ያለበት ደግሞ ወፈር ባለ ኢኖኩለም ሲዘራ ነው። ሁለቱንም በሙሉ ሉፕ ከዘሩት የደከመ ፕሌት እንኳ ባክቴሮይደስን ያሳድጋል፣ የፈተና ወረቀቱም ሁሌ ያለፈ ይሆናል። ከተፈተኑት ጋር አንድ የማይመርጥ ደም አጋር አብሮ በዚያው ጃር ይግባ፤ እዚያም ያልበቀለ ባክቴሪያ ካለ ጥፋቱ የጃሩ ወይም የባክቴሪያው ነውና ሎቱ ከመመለሱ በፊት ፈተናው ይደገም።